ጋሽ ይነቀልና ከሰማይ የመጣው ድምፅ

እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ከተማው ግን «ጋሽ ይነቀል» እያለ ነው የሚጠራው። ስሙን ያመጣበት ሥራው ነው። በር አንኳኩቶ ይገባል፤ በእጁ የያዛትን ትንሽ አንቴና ወደ ፍሪጁ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ ጆሮው ላይ የደፋውን ማዳመጫ በሁለት ጣት ጫን አድርጎ ጥቂት ያዳምጣል፤ ከዚያም ፊቱን ሳያጠቁርም ሳያፈካም «ይነቀል» ይላል። በቃ። ልጆች ፒክአፑን ከሩቅ ሲያዩ «ይነቀል መጣ! ይነቀል መጣ!» እያሉ ሰፈሩን ያስጠነቅቃሉ። እናቶቻቸው ደግሞ ጁስ መፍጫቸውን ፎጣ ያለብሱታል፤ ፎጣ ከጋሽ ይነቀል ጆሮ የሚያስጥል ይመስል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማው በላይ፣ ኮረብታው አናት ላይ፣ ሰው ሁሉ «ትልቁ ዲሽ» የሚለው አንቴና አለ። ከሥሩ ቆሞ ጠርዙን ለማየት ቀና ያለ ሰው ኮፍያው ይወድቅበታል። ይህ ዲሽ ዜናም ፊልምም አያሳይም፤ ሥራው ሰማይን ማዳመጥ ነው። ከዋክብት የሚረጩት ሞገድ አለ፤ እሱን ይለቅማል። ከዚህ ሌላ ግን ጣቢያው በይፋ ብዙ የማያወራው፣ ከተማው ደግሞ ከእሱ በቀር የማያወራለት ሥራ አለው። ከከዋክብቱ በአንዱ ዙሪያ የሚዞር ዓለም ቢኖር፣ በዚያ ዓለም ላይ የሚያስብ ፍጡር ቢኖር፣ ፍጡሩም እንደኛ ራዲዮ ሠርቶ ወደ ሰማይ አንድ ነገር ቢል፣ ድምፁ አንድ ቀን እዚህ ኮረብታ ላይ ሊደርስ ይችላል። ሲደርስ ግን ደክሞ፣ ከስቶ፣ ሊጠፋ ምንም ሳይቀረው ነው። ሽቦዋ የላላ አንዲት ሶኬት ከታች ብልጭ ካለች ትውጠዋለች። ስለዚህ ከተማው ዝም ማለት አለበት። ዝም የሚያሰኘው ጋሽ ይነቀል ነው።

ሥራውን ሲይዝ ወጣት ነበር። እናቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ እሱም ከእሷ ሱቅ ጥግ አንዲት ጠረጴዛ ይዞ የሰፈሩን ራዲዮ ይጠግን ነበር። የጣቢያው ሰዎች መጥተው «የተበላሸ ሽቦ በጆሮው የሚለይ ሰው» ሲፈልጉ ጣት ሁሉ ወደ እሱ ተጠቆመ። እናቱ በደስታ አዲስ ሸሚዝ ሰፋችለት። የስፌት መኪናዋ በእግር የሚረገጥ ስለነበር «በዚህ ከተማ ‹ይነቀል› የማትለው እኔን ብቻ ነው» እያለች ትቀልድበት ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እንደ ሥራ ሳይሆን እንደ ፍቅር ነው ያሳለፋቸው። ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ያወራል፤ ዛሬ ዲሹ ወደየት እንደዞረ፣ የትኛው ኮከብ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ። እናቱ መርፌዋን በአፏ ይዛ ታዳምጠውና መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ «ተገኘ?»

«ገና ነው እማዬ፤ ግን ይገኛል» ይላት ነበር። ዓመታት ሲሄዱ መልሱ «ገና ነው» ብቻ ሆነ። ቆይቶ «አልተገኘም» ሆነ። አሁን አሁን ራሱን ይነቀንቃል፤ እሱም ካሰኘው።

ለምን አይደክመው? ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት እየገባ የሰው ዕቃ አስነቅሏል፤ ለዚህም ሁሉ ከሰማይ የተሰማ አንዲት ቃል የለችም። የሰፈሩ ብረት በያጅ ሱቁ በር ላይ ቆሞ በየሳምንቱ ይጨቀጭቀዋል።

«ይስሙኝማ ጋሼ፣ ለማን ብዬ ነው እሳቴን አጥፍቼ የምቀመጠው? ከጨረቃ ወዲያ ላለ ሰው? እሱ ልጆቼን ያበላልኛል?»

«ዲሹ ወደዚህ ዝቅ ሲል ብቻ ነው።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ድሮስ ‹ሰማይ አይታረስ› ተብሏል፤ እናንተ ጭራሽ ልትዘሩበት!»

ድሮ ቢሆን ጋሽ ይነቀል ቆሞ ይከራከር ነበር። ከዋክብቱ ስንት እንደሆኑ፣ ሁሉም ዓለም ባዶ ነው ማለት እንደማይቻል ያስረዳ ነበር። አሁን «እሺ፤ ግን ይነቀል» ብሎ ወደ ፒክአፑ ይመለሳል።

ሚስቱ ከሄደች ቆይቷል። «የፀጉር ማድረቂያዬን አልነቅልም ብላ ነው የሄደችው» እያሉ ያሙታል። ውሸት ነው። የሄደችው ቤት ሲገባ ዝም ስለሚል ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያዳምጥ ለዋለ ሰው ለማታ የሚተርፍ ጆሮ የለውም። ይህን እሷ ልትረዳው አልቻለችም፤ እሱም ለማስረዳት አፉን አልከፈተም።

የቀረችው እናቱ ናት። ከወደቀች ወዲህ ያለ ደጋፊ አትነሳም፤ ጉልበቷና ወገቧ ብርድ ሲነካው ያስቃስታታል። ከሥራ መልስ ውሃ ያፈላል፣ የጎማውን ከረጢት ይሞላል፣ በፎጣ ጠቅልሎ ከወገቧ ሥር ያደርግላታል፣ ጉልበቷን ያሽላታል። ውሃው እስኪቀዘቅዝ አጠገቧ ይቀመጣል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደገና። በመሀሉ እናቱ ታወራለች። ስለ ድሮ ደንበኞቿ፣ ቀሚሷ ስለጠበባት አንዲት ሙሽራ፣ ስለ ሞቱ ሰዎችና ስላልሞቱ ሰዎች። ወሬዋ ማለቂያ የለውም፤ የእሱ ዓይን ግን ማለቂያ አለው፤ ይከደናል።

አንድ ቀን ጎረቤት ከተማ ሄዶ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ስስ ፍራሽ ገዛላት። ገመዱ ላይ አውራ ጣት የምታክል ማብሪያ ማጥፊያ አለችው። «ይኸው እማዬ፣ ከእንግዲህ ሲበርድሽ ቀጭ ማድረግ ነው» ብሎ አነጠፈላት። እናቱ መረቀችው። እሱ ግን እውነቱን ያውቃል፤ የገዛው ለራሱ ነው። ውሃ ማፍላቱ፣ መቀመጡ፣ መስማቱ ሰልችቶት ነው። ያን ዕለት ከሥራ መልስ ዘለግ ያለ እንቅልፍ ተኛ።

ፍራሹን አልመረመረውም። ይህን ከተማው ቢሰማ አያምንም። የአዲስ አምፖል ካርቶን ሳይከፈት የሚያዳምጠው ሰው የገዛ ቤቱን አንድም ቀን በማዳመጫ ዞሮት አያውቅም። ማንም እንዲዞረው አላዘዘውም፤ መርማሪው እሱ፣ ባለቤቱም እሱ። ደግሞም ያቺ ማዳመጫ የሥራ ናት፤ ቤት ሲገባ ፒክአፑ ውስጥ ትቷት ነው የሚገባው።

ከዚያ ወዲህ ኑሮው እንዲህ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ይገባል፤ እናቱን ያበላል፤ ከጎን ባለው ክፍል ጋደም ብሎ ትንሿን ራዲዮኑን ዝቅ አድርጎ ይከፍታል። መጀመሪያ ሰሞን እናቱ በግድግዳው ትጠራው ነበር። «አንተዬ!» ትለዋለች። «መጣሁ እማዬ» ይላል፤ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሲነቃ መሽቷል፤ እሷም አላነሳችበትም፣ እሱም አላነሳም። ቀስ በቀስ መጣራቱን ተወችው። «ፍራሹ ተስማምቷታል፤ ተመስገን» ብሎ አሰበ።

ራዲዮኑ ግን አመል አወጣ። ዘፈኑ መሀል ላይ ጭርር፣ ጭርር ይላል፤ ይተዋል፤ ቆይቶ ደግሞ ጭርር፣ ጭርር። መጀመሪያ የሰማ ቀን ሳያስበው ከአልጋው ብድግ ብሎ ነበር። ከዚያ «ሂድ ወዲያ፣ የሥራ ሰዓት አይደለም» አለ ለራሱ፤ ድምፁን ቀነሰውና ተመልሶ ተኛ። ከዚያ በኋላ ጭርጭርታው በመጣ ቁጥር እጁ በራሷ ሄዳ ድምፁን ትቀንሰዋለች።

በዚህ መሀል ነው ዶክተሯ ያስጠራችው።

ዶክተሯ የጣቢያው ተመራማሪ ናት። ገና ጎልማሳ ሆና ፀጉሯ ሽበት የጀመረው፣ ሻይዋን ሳትጠጣው የምታቀዘቅዝ፣ ጋሽ ይነቀልን ግን አንድም ቀን በትዕዛዝ ቃል ተናግራው የማታውቅ ሰው ናት። ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ አስገብታ በሩን ዘጋችና በድምፅ ማጉያው አንድ ነገር አሰማችው። ጭርታ መሀል ሁለት ጊዜ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ደግሞ ቀጭ፣ ቀጭ።

በየማምሻው የሚሰማው የራዲዮኑ ጭርጭርታ ቢሆንም፣ እዚህ በትልቅ ክፍል፣ በጠራ ማጉያ ሲመጣ አላወቀውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«ሳምንታት አልፎታል። ወደ ማምሻው፣ ዲሹ ወደ ምዕራብ ዝቅ ሲል ይመጣል። ሁልጊዜ ግን አይደለም።»

«ዕቃ ይሆናል ዶክተር። የተበላሸ ዕቃ ብዙ ነው።»

«እኔም ያልኩት እሱን ነበር። ግን ዕቃ እንዲህ አያመነታም ጋሼ። ዕቃ በልክ ይደጋግማል። ይሄ ሁለቴ ይልና ይጠብቃል። አንዳንዴ ብዙ ይጠብቃል፣ አንዳንዴ ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። ከሰማይ ነው እያልኩዎት አይደለም። ከጀርባው የሚያስብ አለ ነው የምለው።» ፊቷን በሁለት እጇ አሸት አሸት አደረገች። «እባክዎን ከተማውን ያጣሩልኝ። የኛ ከሆነ ቶሎ ልወቀው። በቆየ ቁጥር ይከብደኛል።»

በሩ ቢዘጋም ወሬው አልተዘጋም። ዘበኛው ለሚስቱ፣ ሚስቱ ለፀጉር ሠሪዋ፣ ፀጉር ሠሪዋ ለዓለም ሁሉ። በማግስቱ ጋሽ ይነቀል ፒክአፑን ሲያቆም ያየው ነገር አስደነገጠው። ከተማው በራሱ ጊዜ ነቅሎ ጠብቆታል። ፍሪጆች ተዘግተዋል፤ ጁስ መፍጫው ካርቶኑ ውስጥ ገብቷል። በያጁ ሱቁን ቆልፎ በሩ ላይ ተቀምጧል።

«እንዴት ነው ጋሼ፣ ምን አሉ?» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰማይ ላይ ያለው ሰው እንዳይሰማው ይመስል።

«አይታወቅም።»

«ግን አሉ?»

ዕድሜ ልኩን ሲሰድበው የኖረ ሰው እንደ ልጅ አፉን ከፍቶ መልስ ሲጠብቅ ማየት ለጋሽ ይነቀል ከስድቡ በላይ ከበደው። «ሊኖሩ ይችላሉ» አለና ሄደ።

ያን ዕለት እናቱን ሲያበላ እሷም ጠየቀችው። «ተገኘ?»

«አንድ ነገር ተሰምቷል ይላሉ።»

እናቱ ማንኪያውን በእጇ ገፋ አደረገችው። «ምን ይላል?»

«ቃል አይደለም። የሚጣራ ይመስላል ነው የሚሉት።»

«ታዲያ ምነው መልስ አይሰጡትም?»

«ሩቅ ነው እማዬ። መልሱ ሳይደርስ እኛም እነሱም እናልቃለን።»

«ሩቅስ ቢሆን። የተጣራ ሰው ‹አቤት› መባል ይፈልጋል። ዝም ሲሉት ‹ሰው የለም› ብሎ ይተወዋል።» ትንሽ አሰበችና «ምናልባት የጣቢያው ሰዎችም እንደኛ ደክሟቸው ይሆናል። ‹ነገ እንመልሳለን› እያሉ» አለች።

«ይሆናል» አለ፤ ሳህኑን አነሳና ወጣ። ወገቡን አሞት ነበር።

ዶክተሯ ከሰዓት በኋላም እንዲያጣራላት ለመነችው። እረፍቱን ትቶ ማምሻውን ሁሉ በየሰፈሩ ዞረ። እናቱን አብልቶ፣ ፍራሹን አብርቶ፣ ክፍሉን ዘግቶ ይወጣል። አንዲት ብልጭታ አልሰማም። ከተማው ሲሰማ እንዲህ ንጹህ ሆኖ አያውቅም። ጉልበቱ ግን አለቀ፤ መሪ እንደያዘ ያንቀላፋባቸው ቀናት ነበሩ። አንድ ቀን «ዛሬስ ብሞት አልወጣም» ብሎ ተኛ። ሌላ ቀን ወጣ። ሌላ ቀን ተኛ። ሪፖርቱን ሊሰጥ ኮረብታው ላይ ሲወጣ ቃሉን እንኳ መምረጥ አልቻለም፤ «ምንም የለም ዶክተር፤ ከተማው ንጹህ ነው» አላት።

ዶክተሯ ግን አልተደሰተችም። ቀዝቃዛ ሻይዋን በጣቷ እየገፋች አየችው።

«ጋሼ፣ ብዙ ዓለም አለ፤ አንዱ ላይ ሕይወት አይጠፋም ብዬ ነው እዚህ የምኖረው» አለች። «የምፈራው አለመኖራቸውን አይደለም። አለመገጣጠማችንን ነው። እነሱ ሲጣሩ እኛ ገና ነን፣ እኛ ስናዳምጥ እነሱ አልፈዋል። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ እንኳ ብንገጣጠም ብዬ ተመኘሁ።» ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረች። «ግን አንድ ነገር እያየሁ ነው፤ ደስ አላለኝም። እርስዎ ሊያጣሩ በወጡ ቀን አይመጣም። ቤትዎ ባረፉ ቀን ይመጣል። አንድም ቀን አልሳተም። ሲፈልጉት ይደበቃል፣ ሲያርፉ ይጠራል። እርስዎን የሚያውቅ ይመስላል።»

ቀልድ ለማስመሰል ፈገግ አለች። ጋሽ ይነቀል ግን ፈገግ አላለም። ጭርር፣ ጭርር የሚለው የገዛ ራዲዮኑ ትዝ ብሎት ጠረጴዛውን ተደገፈ። ወንበር ስባ አስቀመጠችው። «ምነው?» አለችው። «ደክሞኝ ነው» አላት። ይህስ ውሸት አልነበረም።

ሲመለስ ፒክአፑን ከቤቱ በራፍ አቁሞ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ። ፍራሹ ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም። እና ምን ይደረግ? ማንም አያውቅም። ለማንም ሳይናገር ቢያነሳው፣ ሰማዩ በዚያው ዝም ይላል፤ ከተማው «አንድ ጊዜ ተጣርተውን ነበር» እያለ ለልጅ ልጁ ያወራል፤ እሱም ስሙን ይዞ ጡረታ ይወጣል። ዶክተሯ ግን ያችን ድምፅ ስትጠብቅ ታረጃለች። ቢናገር ደግሞ የከተማው መሳቂያ ነው። ይህን ሁሉ አወጣ አወረደ። ከልቡ ሥር የተቀመጠው ግን መሳቂያ መሆኑም አልነበረም። እናቱ ድሮም ማሞቂያውን አልጠየቀችውም ነበር፤ ይህን ያውቃል። ፍራሹ ከተነሳ ውሃው ሊመለስ ነው። ማፍላቱ፣ መቀመጡ፣ ወሬው። የገዛት እረፍት ልትነጠቅ ነው። በዚህ አፈረ፤ ግን አፍሮም ደክሞት ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮው ገባ። እናቱን አበላ። ክፍሉ ገብቶ ራዲዮኑን ከፈተ። አልተኛም። ጫማውን አውልቆ፣ ማዳመጫውን ደፍቶ፣ አንቴናዋን ይዞ፣ ራዲዮኑን እዚያው እያዘፈነ በጓዳው በኩል ዞሮ ከእናቱ ክፍል መጋረጃ ጀርባ ቆመ። የገዛ ቤቱን ሲመረምር ይህ የመጀመሪያው ነው።

እናቱ በጎኗ ተጋድማለች። ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው፣ ከወዲያ የእሱ ራዲዮን ወደሚያወራበት። የማሞቂያውን ገመድ በደረቷ ላይ አድርጋ ማብሪያ ማጥፊያዋን በአውራ ጣቷ ታሻሻታለች። ከዚያ ተጫነቻት። ማዳመጫው ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ከግድግዳው ወዲያ ራዲዮኑ ጭርር፣ ጭርር አለ።

እናቱ ራሷን ከትራሱ ትንሽ ቀና አድርጋ አዳመጠች። ጠበቀች። ዘፈኑ ቀጠለ። ትራሷ ላይ ተመለሰች። ቆየችና ደግሞ ቀጭ፣ ቀጭ አደረገች፤ ደግሞ ቀና አለች።

ጋሽ ይነቀል ማዳመጫውን አወለቀ።

«እማዬ።»

ደንግጣ ዞረች። መጋረጃውን፣ አንቴናውን፣ ባዶ እግሩን አየች። «መጣህ?» አለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምንም።» ገመዱን ልትደብቀው ብርድ ልብሱን ሳበች፤ ከዚያ ተወችው። «ይቺን ስነካት ራዲዮንህ ይንጫጫል፤ በግድግዳው ይሰማኛል። ድምፅ አውጥቼ ስጠራህ ‹መጣሁ› ትልና አትመጣም። አትቆጣ፣ ደክሞህ ነው፤ አውቃለሁ። የጠሩት ሰው ሲቀር ግን ያስከፋል። ይቺ አፍ የላትም። ብትመጣ መጣህ፤ ባትመጣም አልጠራሁህም።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ምን ፈልገሽ ነበር?» አላት።

«ምን እፈልጋለሁ? ትመጣ እንደሆን ብዬ ነው።»

ከውጭ ሰው ያልፋል፤ ራዲዮኑ ያዘፍናል። ጋሽ ይነቀል አልቅሶ ቢሆን ኖሮ ቀለል ባለው ነበር፤ እንባም ጉልበት ይፈልጋል። ጎንበስ ብሎ የማሞቂያውን ሶኬት ያዘ። እናቱ ገባትና ትንሽ ሳቅ አለች።

«በል እንግዲህ፣ ያችን ቃልህን ለእኔም በላት።»

«ይነቀል፣ እማዬ» አላት፤ ነቀለው።

በማግስቱ ኮረብታው ላይ ወጣ። ዶክተሯ ሌሊቱን እንዳልተኛች ፊቷ ይናገራል። ከመቀመጡ በፊት ነገራት።

«ተገኘ፣ ዶክተር።»

«የት?»

«እኔ ቤት።» ከዚያ ፍራሹን፣ ሳይመረምረው መቅረቱን፣ ማብሪያ ማጥፊያዋን፣ ሁሉን ነገራት። እናቱ ሁለቴ ተጭና እንደምትጠብቅም ነገራት። ዶክተሯ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች። ተስፋዋ ከፊቷ ሲወጣ አየው፤ እንደዚያ ዓይነት ነገር በሰው ፊት ላይ ያደረገው እሱ መሆኑ ልቡን አሳመመው። እሷ ግን አልተቆጣችም። «የሚያስብ አለ ብዬዎት ነበር» አለች።

«ብለውኛል።»

«እናትዎ ለማን ነበር የሚልኩት?»

«ለእኔ።»

«እርስዎ ጋ አልደረሰም?»

«ደርሷል» አላት። «በየቀኑ ደርሷል። ድምፁን እቀንሰው ነበር።»

ዶክተሯ ሻይዋን ወደ እሱ ገፋችለት፤ እሱም እንደቀዘቀዘ ጠጣው።

ከተማው ሳቀ፤ መሳቅም መብቱ ነው። በያጁ በሩን ከፍቶ «ጋሽ ይነቀል ተነቀሉ!» ብሎ እስኪበቃው ከሳቀ በኋላ እሳቱን ለኮሰ፤ ጋሽ ይነቀልም የሳቁ ጊዜ ሲያልፍ አንቴናውን ይዞ ሄዶ «ይነቀል» አለው። እንደ ድሮው ተጨቃጨቁ። ዲሹም እንደ ድሮው ወደ ምዕራብ ዝቅ ሲል ከወዲያ በኩል ዝምታ ብቻ ይሰማል። ዶክተሯ አሁንም ታዳምጣለች።

ውሃው ተመለሰ። ማንቆርቆሪያው ከበፊቱ ይልቅ ከብዶታል፤ ሰውየውም በአንድ ቀን ብርቱ አልሆነም። የጎማውን ከረጢት በፎጣ ጠቅልሎ ከእናቱ ወገብ ሥር አደረገ፣ ጉልበቷን አሸላት፣ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«ተገኘ?» አለችው እንደ ልማዷ።

«አልተገኘም።»

«ይገኛሉ። ብቻ አትተዉዋቸው።» ከዚያ ስለዚያች ቀሚሷ ስለጠበባት ሙሽራ ጀመረች። ጋሽ ይነቀል ይህን ወሬ ስንቴ እንደሰማው አያውቅም፤ መጨረሻውን ግን አንድም ቀን ሰምቶት አያውቅም። ዛሬ እሰማዋለሁ ብሎ ቆርጦ ነበር የተቀመጠው። ቀሚሱ ከጎኑ ተተርትሮ ሳያልቅ አንገቱ ወደ ደረቱ ወረደ።

እናቱ አየችው። «ተኛህ?» አለች። ከብርድ ልብሷ ጫፍ ስባ ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገችለት።

«ተኛ፣ እዚሁ ተኛ» አለችና ወሬዋን ካቆመችበት ቀጠለች።